የሕፃኑ ገብስማ

«ኧረ አላርዳትም! ሰው ጾም ይዞ፣ ራሱ የማይቀምሰውን ዶሮ አቅፎ አምጥቶልኝ፣ እኔ ወዲያው አንገቷን ልቆርጥ? የሕፃኑ ናት አልኩሽ፤ በቃ!»

ባንቺአየሁ ይህን የሰማችው ቅዳሜ ጧት፣ ጓሮዋ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የባሏን ሸሚዝ ስታጥብ ነበር። ድምፁ ከአጥር ማዶ የመጣ የጎረቤቷ የእትዬ ናዚፋ ድምፅ ነው፤ የሚቆጡትም ከስድስት ቀን በፊት የወለደች ልጃቸውን ፋሪዳን ነው። ቡሬ ውስጥ በዚያ ሰፈር አጥር ማለት ለወጉ ያህል የተተከለ ባሕር ዛፍ ስለሆነ፣ እዚህ ያስነጠሰውን እዚያ ያሉት «ይማርህ» ይሉታል። ሌላ ቀን ቢሆን ባንቺአየሁ ከተቀመጠችበት ሆና አንድ ነገር ጣል ታደርግ ነበር፤ ነገር መጣል ትወዳለች። ዛሬ ግን እጇ አረፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ዶሮዋ አልታረደችም። ሐሙስ ማታ ትታረዳለች ያለቻት፣ ቢዘገይ ዓርብ ጧት ድስት ገብታ አልቃለች ያለቻት ዶሮ እስከ ቅዳሜ በሕይወት አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገብስማዋ ዶሮ ሐሙስ ጧት ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ከድና፣ አጥር ሥር ኩርምት ብላ ተገኘች። ኩሷ አረንጓዴ ነበር። ባንቺአየሁ ፈንግልን ታውቀዋለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ዘጠኝ ዶሮዎቿን በአንድ ሳምንት ጠራርጎ ወስዶባታል። ወሩ ሌላ ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ሳትሞት ቀድማ አርዳ ትገላገል ነበር። ሁዳዴ ግን ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ገብስማዋ ደግሞ እንኳን ለፋሲካ ለእሑድም የምትደርስ አትመስልም። ገበያ እንዳትወስዳት፣ የቡሬ ሰው የዶሮ ጭራ ገልጦ ሳያይ ኪሱ አይገባም። እንዲሁ ሞታ ከምትጣል እያለች ስታወጣ ስታወርድ ነው ፋሪዳ ትዝ ያለቻት። እነሱ ጾም ላይ አይደሉም፤ ቤታቸው አራስ አለች፤ ማታውኑ ያርዷታል፤ ማንም ምንም አያውቅም፤ ስጦታም ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስታገኘው ብልህ የሆነች መሰላት። መጀመሪያ የቀሩትን አራት ዶሮዎቿን በዘንቢል አድርጋ ከተማው ዳር ወደምትኖረው የባሏ እህት ወደ ሠርክአዲስ አሸሸች። ከዚያ የገብስማዋን ጭራ በለብታ ውኃ አጠበች። ዓይን ያዝ ሲያደርግ እግሯን አስራ፣ በነጠላዋ ሸፍና ይዛት ተሻገረች።

«ለአራሷ ብዬ ነው» ነበር ያለችው።

እትዬ ናዚፋ አለቀሱ። ባላቸው ዑስማን የሞቱ ጊዜ እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሱ ሴት፣ ለአንዲት ዶሮ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «በጾምሽ ለእኛ አሰብሽ፣ ባንችዬ? በጾምሽ?» እያሉ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ባንቺአየሁ ያን ጊዜ ዶሮዋን መልሳ መንጠቅ ነበረባት። አልነጠቀችም፤ ተመርቃ ወጣች።

«ባንችዬ! አለሽ? እስኪ ብቅ በይልኝ፤ ዶሮዋን ምን እንደነካት አላውቅም!» አሉ አሁን እትዬ ናዚፋ ከአጥር ማዶ። ባንቺአየሁ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተሻገረች።

የእትዬ ናዚፋ ቤት አንድ ክፍል ሲሆን በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ከመጋረጃው ጀርባ ፋሪዳ ከልጇ ጋር ትተኛለች፤ ባሏ ለሥራ ፓዌ ወርዶ ገና አልተመለሰም። ከመጋረጃው ወዲህ ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጧል፤ ጥጉን የእንቁላል ትሪዎች ተደራርበው ይዘውታል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እትዬ ናዚፋ የሚኖሩት በእነዚያ ትሪዎች ነው። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር በዶሮ ፓኬጅ ጫጩት ሲያከፋፍል ወስደው ያሳደጓቸው አሥራ አንድ ቀያይ ዶሮዎች አሏቸው፤ ሰኞና ዓርብ እንቁላሉን መናኸሪያ አካባቢ ላሉት ሻይ ቤቶች ያደርሳሉ። እንቁላል ስልሳ ሳንቲም ገብቷል። ፋሪዳ አሥረኛ ክፍል የጨረሰችው፣ ጋዙና ስኳሩ የሚገዛው፣ አሁንም የአራሷ ቅቤ የሚመጣው ከዚያው ነው። ባንቺአየሁ ይህን ሁሉ የምታውቀው ሰምታ ሳይሆን አሥር ዓመት አብራ ኖራ ነው።

ገብስማዋ ምድጃው አጠገብ በብስኩት ካርቶን ውስጥ ተኝታለች። ከሥሯ የተነጠፈላት የእትዬ ናዚፋ የራሳቸው ሻርፕ ነው። ከካርቶኑ ጎን ደግሞ ያደሩበት አጎዛ አለ።

«ሌሊቱን ስታቃስት አብሬያት አደርኩ» አሉ እትዬ ናዚፋ። «ከወዲያ አራስ፣ ከወዲህ ዶሮ፤ ሐኪም ሆንኩልሽ እኮ።»

«መቼ ጀመራት?» አለች ባንቺአየሁ፤ ስትጠይቅ ፊቷ ጋለ።

«ምኑን አውቄ! ሐሙስ ማታ ከቀያዮቹ ጋር ቆጥ ላይ አወጣኋት፤ ይላመዱ ብዬ። ትናንትም አብረው ሲጭሩ ዋሉ። ፈዘዝ ብላ ነበር፤ አገሯ ናፍቋት ነው አልኩ። ማታ ላይ ጭራሽ እህል ተወች።»

«አገሯ እኮ አጥር ማዶ ነው፣ እማዬ!» ብላ ፋሪዳ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቀች። ባንቺአየሁም መሳቅ ስለነበረባት ሳቀች። አንድ ሌሊት አንድ ቆጥ ላይ፣ አንድ ቀን ሙሉ በአንድ የውኃ ጣሳ። በተከፈተው በር ቀያዮቹ ይታዩዋታል፤ አመድ ላይ እየተንከባለሉ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ደህና ናቸው፤ ገና ደህና ናቸው። መናገር ያለባት አሁን ነው። ሁለት ቃል ናት፤ «ፈንግል ነው» ማለት ብቻ። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ሆነ።

«ብርድ ይሆናል።»

ብርድ ነው ከተባለ ብርድ ይታከማል። እትዬ ናዚፋ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጠው በጣታቸው ወደ ጉሮሮዋ ላኩ። ገብስማዋ ግማሹን ዋጠች፣ ግማሹን እጃቸው ላይ ተፋችው። ውኃ በማንኪያ አጠጧት፤ እግሯን በለብታ ጨርቅ አሹላት። ከዚያ ወደ ባንቺአየሁ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አረቄ ያሽራል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ እጄን አላስነካም። አንች ብታጠጫትስ፣ ኃጢአቱ ለማን ይጻፋል?» «ለጠጪዋ ነዋ!» አለች ባንቺአየሁ፤ አፏ ካመሏ አልተላቀቀም። ተሻግራ በሲኒ አረቄ አመጣች። እትዬ ናዚፋ ፊታቸውን አዙረው ዶሮዋን ያዙላት፤ እሷ አንቆረቆረች። ገብስማዋ ራሷን ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጋ አንድ ጊዜ አስነጠሰች። «ልጄን ገና በስድስት ቀኑ ባለ ሰካራም ዶሮ አደረጋችሁት!» አለች ፋሪዳ፤ ሦስቱም እስኪያማቸው ሳቁ። ባንቺአየሁ በዚያች ቤት ብዙ ስቃ ታውቃለች፤ እየዋሸች ስቃ ግን አታውቅም።

«ያንችዎቹስ ደህና ናቸው?» አሉ እትዬ ናዚፋ እንባቸውን በጣታቸው እየጠረጉ። «ሁለት ቀን ሆነኝ ድምፃቸውን ካልሰማሁ።»

«ለሠርክአዲስ ሰጥቻቸው ነው። ጾሙ እስኪያልቅ።»

«አየሽ? እጅሽ ለመስጠት አያርፍም። የሰው ልጅ እንዳንች ነው እንጂ!»

ባንቺአየሁ ሎሚ ልግዛ ብላ ተነሣች። እውነቱን ለመናገር ሎሚው ሰበብ ነው፤ ከዚያ ቤት መውጣት ነበረባት። ሎሚ የሚሸጠው ወደ ገበያው መታጠፊያ ያለው የአብዱሰመድ ሱቅ ነው። አብዱሰመድ የእትዬ ናዚፋ የእህት ልጅ ነው፤ ቁም ነገረኛ፣ ሚዛኑ ላይ እፍኝ የማይጨምር፣ አንድ ፍሬ ከረሜላ እንኳ በመዝገብ የሚሸጥ ሰው ነው። የጠየቀችውን ሦስት ሎሚና ሁለት ፍሬ የቴትራሳይክሊን ኪኒን አስቀመጠላት፤ ሰዎች ለራሳቸውም ለዶሯቸውም የሚወስዱት ያው አንዱን ነው። ብር ስትዘረጋለት እጁን መልሶ ከባንኮኒው አነሣ።

«ዛሬስ ካንች አልቀበልም፣ እህቴ። አክስቴ ነግራናለች። ትናንት ከስግደት ስንወጣ ትልልቆቹ ሳይቀሩ ያንችን ነገር ሲያነሡ ነበር። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው ሲሉ።»

ሱቁ ውስጥ ጨው የሚሸምቱ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ዞረው በደግ ዓይን አዩዋት። ባንቺአየሁ ብሩን ባንኮኒው ላይ ጥላ ብትወጣ ደስ ባላት፤ ግን ያም ትሕትና መስሎ ሊወራላት ነው። ሎሚውን ይዛ ወጣች። በኑሮዋ ሰው እንዲያመሰግናት የምትወድ ሴት ናት፤ ማኅበር ላይ ጠላዋን ቀምሰው እስኪያደንቁላት ድረስ ከደጃፍ የማትነቃነቅ ናት። ዛሬ ያገኘችውን ምስጋና ግን ወስዳ የት እንደምትጥለው ጠፋት።

መንገድ ዳር ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ክንፈሚካኤል ተቀምጦ አየች። ከግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። አልፋው ልትሄድ ካለች በኋላ ተመለሰች።

«አንዲት ዘመዴ ዶሮ ታሞባታል» አለችው። «ፈንግል ሳይሆን አይቀርም። አብረዋት የዋሉት ይድናሉ?»

«የታመመችውን ተያት» አለ ክንፈሚካኤል፣ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ። «ሌሎቹ ዛሬውኑ ከዚያ ግቢ ይውጡ፤ ሁለት ሦስት ቦታ ይከፋፈሉ። ይህን ያደረገ ግማሹን ያተርፋል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ክትባቱ ላልታመመ ነው፤ ማክሰኞ እንጀምራለን። ነገ ነገ ስትል ከቆየች ግን ለማክሰኞ የሚከተብ አይተርፋትም። ማን ናት ዘመድሽ?»

«አታውቃትም» አለችና ሄደች።

ባሏ ወንዳወቅ ለምሳ ሲመጣ ሽሮው ተሠርቷል፤ እሷም ከፊቱ ተቀምጣለች፤ ግን አልቆረሰችም። ወንዳወቅ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው፤ ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት አያጣውም። ዶሮዋን ሐሙስ ማታ ስታጥብ አይቷል፤ ምንም አላለም ነበር። እሱ የማይናገረው ነገር እንደ ፈቃድ ስለሚቆጠር፣ በዚያ ቤት ብዙ ነገር የሚወሰነው በዝምታ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ጎረሰና «ወፍጮ ቤቱ ሁሉ ስላንች ነው የሚያወራው» አለ። ከንፈሩ ላይ የፈገግታ ነገር ነበረበት። ደስ ብሎታል፤ እንዴት እንደተሰጠች እያወቀ ደስ ብሎታል።

«አላረዷትም» አለች ባንቺአየሁ።

ወንዳወቅ ጉርሻውን ያዝ አደረገ።

«ከቀያዮቹ ጋር ነው ያሳደሯት። ልነግራቸው ነው።»

«ምን ብለሽ?»

ውኃ ቀዳችለት። እሱም ቀስ ብሎ እንጀራውን ጠቀለለ። ሬዲዮው ስለ ሚሌኒየሙ አከባበር ያወራ ነበር፤ ሁለቱም የሚያዳምጡት መሰሉ።

«ዶሮ ናት» አለ በመጨረሻ። «ከዛሬ ነገ ትሞታለች፣ ይረሳል።»

«አሥራ አንዱስ?»

«ፈንግል በነፋስም ይመጣል። ከየት እንደመጣ ማን አየው?»

ይህን ያለው በክፋት አልነበረም፤ ሊያጽናናት ነው። የሚያሳፍረው ደግሞ መጽናናቷ ነው። በነፋስም ይመጣል ሲላት ከጧት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ቀለል አላት፤ እውነትም ማን አየው አለች። ከዚያ ወዲያው ራሷን ጠላች። ባሏ እጁን ታጥቦ ሲወጣ የተረፈውን ምግብ ከደነችው። ቀጥላ መሻገር ነበረባት፤ እሷ ግን ሸሚዙን አሰጣች፤ ግቢውን ጠረገች፤ የተጠረገውን መልሳ ጠረገች። ሎሚውንና ኪኒኑን በአጥሩ ቀዳዳ አቀብላ «ሥራ ይዣለሁ እትዬ፣ ማታ ብቅ እላለሁ» አለች። እያንዳንዱ ሰዓት የቀያዮቹ ሰዓት መሆኑን እያወቀች እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ጠረገች።

ስትሻገር እትዬ ናዚፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገብስማዋ ጭናቸው ላይ ናት። አንገቷ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠቁሮ፣ እግሯ በየመሐሉ ይወራጫል። እትዬ ናዚፋ በመዳፋቸው አንገቷን ወደ ቦታው ለመመለስ ይሞክራሉ፤ አንገቷ ተመልሶ ይጠመዘዛል። እንዲህ ሲታገሉ ገብስማዋ አንድ ጊዜ ተዘረጋችና በዚያው ቀረች። እትዬ ናዚፋ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ በሻርፑ ጠቀለሏትና መሬት አኖሯት።

ቀያዮቹ ወደ ቆጣቸው ሊገቡ ተሰብስበዋል። አንዷ ግን ከሌሎቹ ተለይታ ቆማለች፤ ግራ ክንፏ ወረድ ብሏል። ባንቺአየሁ አየቻት። እትዬ ናዚፋ አላዩም፤ እሳቸው የሚያዩት ባንቺአየሁን ነበር።

«አፉ በይኝ፣ ባንችዬ» አሉ።

«ምን?»

«አፉ በይኝ። አምነሽ ሰጥተሽኝ ሁለት ቀን እንኳ ላቆይልሽ አልቻልኩም። ምን አብልቻት ይሆን እያልኩ ቀኑን ሙሉ ራሴን ስወቅስ ዋልኩ። የሰው ስጦታ ገደለች እንዳትይኝ።»

የቀረውን ጉልበቷን የወሰደባት ይህ ነው። ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር፤ ጥርጣሬ ቢሆን ትዋሸው ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለችና ቃሉ በሹክሹክታ እየተጋፋ ወጣ።

«ታማ ነው ያመጣኋት፣ እትዬ። ፈንግል ነው። ሐሙስ ጧት ነው ያወቅሁት። የኔን አራቱን ወደ ሠርክአዲስ አሽሽቼ ነው እሷን ወደ እርስዎ ያመጣኋት። ማታውኑ ያርዷታል ብዬ፤ ከቀያዮቹ ጋር ትገናኛለች ብዬ አላሰብኩም፤ በእግዜር አላሰብኩም! ጧት ልነግርዎት ነበር፤ አፌን ያዘኝ። አሁን ተነሡ፣ እትዬ፤ ያችን ክንፏን የጣለችውን እዚሁ እንተዋትና ሌሎቹን እናሽሽ። እኔ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አደርሳቸዋለሁ። ክንፈሚካኤልን ጠይቄዋለሁ፤ ዛሬ ከወጡ ይተርፋሉ፤ ማክሰኞ ክትባት አለ…»

ተናግራ ተናግራ ስታበቃ ትንፋሽ አጠራት። እትዬ ናዚፋ ይጮኻሉ ብላ ጠበቀች። ሰፈር ይሰበሰባል፣ አብዱሰመድ ይሰማል፣ ስሟ ዛሬ ማታውኑ ይወርዳል፤ ለዚህ ሁሉ ራሷን አዘጋጅታ ነበር። እትዬ ናዚፋ አልጮኹም። ክንፏ የወረደውን ዶሮ ዞረው አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸው ከዶሮዎቹ ተነሥቶ ወደ ቤት ውስጥ፣ ወደ መጋረጃው ሄደ። ሕፃኑ ሲጠባ ድምፁ ይሰማል። ሲናገሩ ድምፃቸው ከደጃፉ እንዳያልፍ ተጠንቅቀው ነው።

«ለማን ብለሽ ነበር ያመጣሻት?»

«ለ… ለአራሷ።»

«ማታውኑ ያርዷታል ብለሽ።»

«አዎ።»

«እሷ እንድትበላት።»

ባንቺአየሁ አፏን ከፈተች። ከጧት ጀምሮ ስለ ቀያዮቹ አስባለች፤ ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ስሟ፣ ስለ ጉርብትናው፣ ሐሙስ ማታ ስለፈሰሰው እንባ አስባለች። ይህች ግን አንድ ጊዜም ብልጭ አላለችላትም። በስድስት ቀኗ አራስ፣ በጡቷ ሕፃን የያዘች ልጅ፣ አጥር ማዶ ሆና «ባንችዬ» እያለች ያደገች ልጅ፣ ያችን ሥጋ ትበላት ነበር። ለራሷ ብታርዳት ወደ ራሷ አፍ ነበር የሚሄደው። ያጠበችው ጭራ፣ የጠበቀችው ምሽት ሁሉ ፋሪዳ እንድትጎርሰው ነበር። «እትዬ» ብቻ አለች።

እትዬ ናዚፋ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ከደጃፉ ጥግ ዘንቢሉን አነሡ። ቁጣ እንዳልነበረባቸው ሁሉ ቀስ ብለው ነው የሚንቀሳቀሱት።

«የዶሮዎቹን ነገር እኔ አውቅበታለሁ» አሉ። «አንች ግቢና ለሷ ንገሪያት።»

ባንቺአየሁ እንዲምሯት ፊታቸውን አየች። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ቀያዮቹን መያዝ ጀምረዋል። ከዚያ ሌላ መሄጃ አልነበራትም። ገባች፣ ምድጃውንና ባዶውን ካርቶን አለፈች፣ መጋረጃውን ገለጠች። ሕፃኑ ጡቱን ለቆ ተኝቷል። ፋሪዳ ቀና ብላ አይታት ፊቷ በራ፤ እንዳትቀሰቅሰው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ እግሯን ሰብሰብ አደረገችና አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።